ሳይቀደድ የሚፈታ ስጦታ፦ የቤተሰብን አጠቃለል ለልጅ ልጅ የማቆየት አሠራር

በብዙ ቤት ስጦታ መጠቅለል የአንድ ሰው ሥራ ነው። እናት ወይም አያት በሩን ዘግታ ትጠቀልላለች፤ ሌላው የሚያየው ያለቀውን ነው። እሷ ስትደክም ሪባኑ የት እንደሚቀመጥ፣ ወረቀቱ በምን ልክ እንደሚቆረጥ፣ ለማን የትኛው ቀለም እንደሚሆን የሚያውቅ ይጠፋል። ልማዱ ወደ ልጅ ልጅ እንዲሻገር ዕቃው ከዓመት ዓመት ተመልሶ መምጣት አለበት፤ ልኩም አንድ ቦታ ተጽፎ መገኘት አለበት። የሁለቱም መነሻ ሲከፈት እንዳይቀደድ አድርጎ መጠቅለል ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ሁሉ ለዚያ የታሰበ ነው።

የመጠቅለያው ሳጥን

በመጀመሪያ ዕቃዎቹን አንድ ቦታ ሰብስቡ። ክዳን ያለው፣ 40 በ30 ሴንቲሜትር የሚሆን ጠንካራ ሳጥን ይበቃል፤ ጥቅል ወረቀት ለብቻው ይቀመጣል። ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ይህ ነው፦

- ሁለት መቀስ፤ አንዱ ረጅም፣ ለወረቀት ብቻ፣ ሌላው ለጨርቅና ለሪባን ብቻ። ወረቀት ስለት ያደነዝዛል፤ ወረቀት ሲቆርጥ የኖረ መቀስ ሪባን ላይ ሲመጣ ክሩን እያኘከ ይተለትለዋል። እንዳይቀላቀሉ እጀታቸው ላይ የተለያየ ቀለም ክር እሰሩ።
- ሜትር፣ 30 ሴንቲሜትር የብረት ማስመሪያና በደንብ የተቀረጸ እርሳስ።
- የማያብረቀርቅ፣ ደብዘዝ ያለ ግልጽ ፕላስተር እና በቀላሉ የሚላቀቅ የወረቀት ፕላስተር።
- ሪባንና ገመድ፣ እያንዳንዱ በካርቶን ቁራጭ ላይ ተጠምጥሞ፣ ርዝመቱም በእርሳስ ተጽፎበት።
- የስም ካርዶች።
- የልክ ካርድ።

የልክ ካርዱን ብዙ ሰው አይሠራውም፤ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ግን እሱ ነው። ክዳኑ ውስጥ በኩል የሚለጠፍ ወፍራም ወረቀት ነው። ቤተሰቡ ደጋግሞ የሚጠቀልላቸውን ነገሮች (መጽሐፍ፣ የሸሚዝ ሳጥን፣ የጫማ ሳጥን) ልካቸውን፣ የሚበቃቸውን ወረቀትና ሪባን ትጽፉበታላችሁ። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የተለየ ቀለም ወይም ክር የሚሰጥ ከሆነ እሱም እዚያው ይጻፍ። ካርዱን ያገኘ የ12 ዓመት ልጅ ማንንም ሳይጠይቅ መጠቅለል ከቻለ ካርዱ በደንብ ተጽፏል ማለት ነው።

ወረቀት አመራረጥ

ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲያገለግል የምትፈልጉት ወረቀት በካሬ ሜትር ከ70 እስከ 90 ግራም ገደማ የሚመዝን ይሁን። ከ60 በታች የሆነው የሳጥኑ ጥግ ላይ ይበሳል። ከ120 በላይ የሆነው ደግሞ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፤ ጫፍ ላይ የታጠፈው ክንፍም ፕላስተሩን እየገፋ ይነሳል። ክብደቱ ካልተጻፈበት የወረቀቱን ጥግ አጥፋችሁ በጥፍር ጫን አድርጉት፤ ቀለሙ ተሰንጥቆ ነጭ መስመር ከታየ ከአንድ ጊዜ በላይ አይሄድም። ብልጭልጭ የተነሰነሰበትና ፎይል የተቀባው ወረቀት ለዚህ ሥራ አይመከርም፤ በካውያ አይስተካከልም፣ ብልጭልጩም ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይበክላል።

መለካት

በዓይን ገምቶ የተቆረጠ ወረቀት ወይ ያጥራል፣ ወይ ትርፉ ጫፍ ላይ ታጭቆ ሳጥኑን ያበጠ ያስመስለዋል። ሳጥኑን በትልቁ ፊቱ አስተኙት፤ ትንሹ ልክ ቁመት ይሁን። ከዚያ ሁለት ነገር ታሰላላችሁ።

ዙሪያው፦ ወርድና ቁመቱን ደምሩ፣ በ2 አባዙ፣ 4 ሴንቲሜትር ጨምሩ።
ርዝመቱ፦ የሳጥኑ ርዝመት ላይ የቁመቱን አንድ ተኩል ጨምሩ።

ለምሳሌ ርዝመቱ 30፣ ወርዱ 20፣ ቁመቱ 8 ሴንቲሜትር የሆነ ሳጥን በዙሪያው 60፣ በርዝመቱ 42 ሴንቲሜትር ወረቀት ይፈልጋል።

አንድ ተኩል የሆነበት ምክንያት አለው። በየጫፉ የሚተርፈው ክንፍ የቁመቱ ሦስት አራተኛ ይሆናል፤ ስለዚህ የላይና የታች ክንፎች በቁመቱ ግማሽ ያህል ይደራረባሉ፣ ፕላስተሩም የሚያርፍበት ያገኛል። ክንፉ ከግማሽ ቁመት ካነሰ ካርቶኑ መሃል ላይ ይታያል። ከሙሉ ቁመት ከበለጠ ደግሞ ጠርዙን አልፎ ይወጣና ታጥፎ ይወፍራል።

ጥቅሉ ላይ ከመቁረጣችሁ በፊት ቁራጩን በየት አቅጣጫ እንደምታወጡት አስቡ። ጥቅሉ 70 ሴንቲሜትር ስፋት ካለውና የላይኛውን 60 በ42 በስፋቱ አቅጣጫ 60 አድርጋችሁ ብትቆርጡ 10 በ42 የሆነ፣ ከስም ካርድ በቀር ለሌላ የማይሆን ቁራጭ ይተርፋል። 42ቱን በስፋቱ በኩል ብታደርጉት ግን የሚተርፈው 28 በ60 ነው፤ 21 በ14 በ2 ሴንቲሜትር የሆነ መጽሐፍ 36 በ24 ብቻ ስለሚፈልግ ከዚያው ይወጣል። ወረቀቱ ላይ ወደ አንድ ወገን የቆመ ሥዕል ወይም ጽሑፍ ካለ ግን ምርጫ የላችሁም፤ አለበለዚያ ዛፉ ተጋድሞ ይታያል።

አስተጣጠፍ

1. ወረቀቱን ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ዘርጉ። ሳጥኑንም ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ መሃል ላይ አስቀምጡ። መገጣጠሚያው በጀርባው በኩል የሚውለው በዚህ ምክንያት ነው።

2. አንዱን ረጅም ጠርዝ ወደ ሳጥኑ ጀርባ አምጡ። በእጃችሁ ያዙት እንጂ ካርቶኑ ላይ በፕላስተር አትለጥፉት፤ በኋላ ሲላቀቅ ካርቶኑንም ወረቀቱንም ይልጣል።

3. ሌላኛውን ጠርዝ 1.5 ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ እጠፉና በእጥፋቱ ላይ ጥፍራችሁን ወይም የማንኪያ ጀርባ አስኪዱበት። ከዚያ ወጠር አድርጋችሁ በመጀመሪያው ላይ ደርቡት። መሃሉ ላይ አንድ ፕላስተር ይበቃዋል።

4. አራቱንም ረጃጅም ጠርዞች በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ይዛችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቁንጥጥ አድርጉ። የባለሙያ አጠቃለል ከጀማሪ የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ በዚህች ደቂቃ ነው።

5. ወደ ጫፉ ዙሩ። የግራና የቀኙን ጎን ወደ ውስጥ ግፉ፤ ከላይና ከታች ሁለት ክንፎች ይቀራሉ። የክንፎቹ ጎኖች ሰያፍ ሆነው እንዲወጡ ጥጎቹን በጣት ጫፍ ጫን አድርጉ።

6. መጀመሪያ የላይኛውን ክንፍ ወደ ታች አጥፉ፣ ቀጥሎ የታችኛውን ጫፍ 1 ሴንቲሜትር አጥፋችሁ ወደ ላይ አምጡ። ሳጥኑ ሲገለበጥ መክፈቻው ወደ ጀርባ ይዞራል፤ ከፊት የሚያየው ሰው ንጹሕ እጥፋት ብቻ ያገኛል። አንድ ፕላስተር መሃሉ ላይ ለጥፉ።

7. ሌላኛውን ጫፍ ከማጠፋችሁ በፊት ሳጥኑን አቁማችሁ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉት። ወረቀቱ ውስጥ የተንሸራተተ ሳጥን አንዱን ጫፍ ረጅም፣ ሌላውን አጭር የሚያደርገው እዚህ ላይ ነው።

ጥጉ ከተቀደደ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሳጥኑ ነው፤ የካርቶኑ ጥግ ሹል ሲሆን በወረቀት ፕላስተር አስቀድማችሁ ሸፍኑት። ወረቀቱ ከላላ ደረጃ 3 ላይ አልተወጠረም ማለት ነው፤ በፕላስተር ብዛት አይስተካከልም።

ፕላስተሩ

በጠቅላላው ሦስት ቁራጭ፣ እያንዳንዱ 3 ሴንቲሜትር። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ስጦታ ልኩ የተሳሳተ ነው። የእያንዳንዱን ፕላስተር አንድ ጫፍ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል በራሱ ላይ አጥፉት፤ ከፋቹ በሁለት ጣት ይዞ ይስበዋል፣ ቢላም ጥፍርም አይፈልግም።

ለዓመታት እንዲቆይ የምትፈልጉት ጥሩ ወረቀት ከሆነ ሌላ ዘዴ አለ። ፕላስተር በሚያርፍባቸው ሦስቱም ቦታዎች፣ በሁለቱም ጠርዞች ላይ 2 በ4 ሴንቲሜትር የሆነ ደብዛዛ ግልጽ ፕላስተር በቋሚነት ለጥፉ። በየጊዜው የሚነሳውን ፕላስተር በእሱ ላይ ታሳርፋላችሁ። የፕላስተር ጀርባ ከጥቅሉ በቀላሉ እንዲፈታ ተብሎ ሙጫ እንዳይዝ የተቀባ ስለሆነ፣ ላዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀቱን ሳይነካ ይላቀቃል።

ያለ ፕላስተርም ይቻላል፤ የቀድሞ ሰዎችም ያለሱ ነበር የሚጠቀልሉት። በአሜሪካ ሪቻርድ ድሩ በሦስት ኤም ኩባንያ የሠራው ግልጽ ፕላስተር ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። ባለ ሥዕል መጠቅለያ ወረቀትም ቢሆን በዚያው አገር የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1917 ወዲህ ነው፤ በዚያ ዓመት ካንሳስ ሲቲ ውስጥ የሆል ወንድማማቾች ሱቅ ስስ ወረቀት አልቆበት፣ ለፖስታ ውስጠኛ ልባስ የመጣውን የፈረንሳይ ባለ ጌጥ ወረቀት ቢሸጥ ወዲያው አለቀ። ፕላስተር ከመምጣቱ በፊት ወረቀቱን የሚይዘው ክርና ሰም ነበር። ያለ ፕላስተር ለመጠቅለል ከፈለጋችሁ ዙሪያው ላይ ከ4 ይልቅ 10 ሴንቲሜትር ጨምሩ፣ ጫፉንም አጥፋችሁ አንዱን ክንፍ በሌላው እጥፋት ውስጥ አስገቡ፤ የቀረውን ሪባኑ ይይዘዋል። ወፈር ያለ፣ ግን ከ120 ግራም ያልበለጠ ወረቀት ለዚህ የተሻለ ነው።

ወረቀቱ ሲያጥር

ያለፈ ዓመት ወረቀት ሁልጊዜ ትንሽ ያጥራል። አራት ማዕዘኑ እኩል ወይም ለእኩል የቀረበ ሳጥን ከሆነ ወረቀቱን አሽከርክሩት፤ የሳጥኑ ጎን በወረቀቱ ጥግ ትይዩ ይሁን። የሚያስፈልገው እኩል ጎን ያለው ወረቀት ነው፤ የጎኑ ልክ የሳጥኑ ፊት ከጥግ እስከ ጥግ ያለው ርዝመት ሲደመር የቁመቱ አንድ ተኩል ነው። 20 በ20 በ6 ለሆነ ሳጥን ከጥግ እስከ ጥግ 28.3፣ የቁመቱ አንድ ተኩል 9፤ ስለዚህ 38 በ38 ይበቃል። በቀጥታው ዘዴ ይኸው ሳጥን 56 በ29 ይፈልግ ነበር፤ ቁጠባው ከአሥር እጅ አንዱ ያህል ነው። አራቱ ጥጎች መሃል ላይ ይገናኛሉ፣ አንድ ተለጣፊ ክብ ወረቀት ብቻ ይይዛቸዋል። ሳጥኑ ረዘም ያለ ከሆነ ግን ይህን አትሞክሩ፤ ሁለቱ ጥጎች አይደርሱም።

ክብ ቆርቆሮ ሲሆን ዙሪያውን ለማግኘት ዲያሜትሩን በ3.14 አባዙና 3 ሴንቲሜትር ጨምሩ፤ ርዝመቱ ላይ ዲያሜትሩን ጨምሩ። ጫፉን በአንድ አቅጣጫ ብቻ እየሸነሸናችሁ ወደ መሃል አጥፉና በክብ ወረቀት ዝጉት። ኳስ፣ ጃንጥላ፣ የሕፃን መጫወቻ የመሳሰለውን ቅርጹ ያልተያዘ ነገር ለመጠቅለል መታገል ጊዜ ማባከን ነው፤ ሳጥን ውስጥ አስገቡት፣ ካልሆነም በጨርቅ።

ሪባን

ለመስቀል አስተሳሰር የሚያስፈልገው ርዝመት ሁለት ጊዜ ርዝመት፣ ሁለት ጊዜ ወርድ፣ አራት ጊዜ ቁመት፣ ላዩ ላይ ለሚታሰረው አበባ (ባለ ሁለት ጆሮ ቋጠሮ) ደግሞ 60 ሴንቲሜትር። ለ30 በ20 በ8 ሳጥን 192 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ 2 ሜትር ቁረጡ። ይህን ቁጥር ሪባኑ የተጠመጠመበት ካርቶን ላይ ጻፉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሪባኑ ለየትኛው ሳጥን እንደሚሆን ሳይፈታ ይታወቃል።

የሪባኑን መሃል በሳጥኑ ፊት ላይ አድርጉ፣ ሁለቱን ጫፎች ወደ ጀርባ አዙሩ፣ እዚያ አንዱን በሌላው ላይ አጠላልፋችሁ አቅጣጫ አስቀይሩ፣ ወደ ፊት መልሱና ከመጀመሪያው ሪባን ሥር አሳልፋችሁ ቋጥሩ። አንድ ፊቱ ብቻ የሚያብረቀርቅ ሪባን ጀርባ ላይ ሲጠላለፍ ይገለበጣል፤ ፊት ላይ ከመድረሱ በፊት አንድ ጊዜ መልሳችሁ አዙሩት።

አበባው ጠማማ ሆኖ ሪባኑን ተከትሎ ከተጋደመ ምክንያቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የመጀመሪያው ቋጠሮና ሁለተኛው በአንድ አቅጣጫ ታስረዋል። መጀመሪያ ግራውን በቀኙ ላይ ካሳለፋችሁ፣ ባለ ሁለት ጆሮውን ቋጠሮ ስታስሩ ቀኙን በግራው ላይ አሳልፉ። የጫማ ክር እየተፈታ የሚያስቸግረውም በዚሁ ስሕተት ነው። በትክክል የታሰረው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ አንዱ ጫፍ ሲሳብ ደግሞ ሳይቆረጥ ይፈታል።

የሪባን ጫፍ እንዳይተረተር 45 ዲግሪ ሰያፍ ቁረጡት። ሪባኑ ፖሊስተር ከሆነ ጫፉን ለአንድ ሰከንድ ያህል ለእሳት ጠጋ አድርጉት፤ ቀልጦ ይያያዛል። ጥጥና ሐር ግን ይቃጠላል እንጂ አይቀልጥም፤ ለእነሱ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ጫፉ ላይ በስሱ ቀቡ። በመቀስ ጀርባ እየተሳበ የሚጠቀለለው የፕላስቲክ ሪባን አንዴ ከተጠቀለለ አይመለስም፤ ለቤተሰብ ሳጥን አይሆንም።

በጨርቅ መጠቅለል

ልጅ ልጅ ድረስ የሚደርስ መጠቅለያ ከተባለ ጨርቅን የሚያህል የለም። በጃፓን ፉሮሺኪ የሚባለው አራት ማዕዘን ጨርቅ እስከ ዛሬ ዕቃ ይቋጠርበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የአገሩ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር የነበሩት ዩሪኮ ኮይኬ የመጠቅለያ ብክነትን ለመቀነስ ከፕላስቲክ ጠርሙስ ክር የተሠራ ፉሮሺኪ አስተዋውቀው ነበር። የኮሪያው ቦጃጊ ደግሞ አንዱ ዓይነቱ ከቁርጥራጭ ጨርቅ እየተገጣጠመ ይሰፋል። ይህ ሁለተኛው አሠራር ለቤተሰብ በጣም ይስማማል፤ የአያት ቀሚስ፣ የአባት ሸሚዝ፣ የሕፃን አንሶላ ትራፊ አንድ ላይ ገብቶ መጠቅለያ ይሆናል። አሮጌውን ጨርቅ ከአዲስ ጋር የምትሰፉ ከሆነ አዲሱን አስቀድማችሁ እጠቡት፤ አለበለዚያ በመጀመሪያው እጥበት እሱ ብቻ ይሰበሰብና ስፌቱ ይጨማደዳል።

ልኩ ቀላል ነው፤ ጨርቁ ከጥግ እስከ ጥግ የዕቃውን ረጅም ጎን ሦስት እጥፍ ይሁን። 50 ሴንቲሜትር ጎን ያለው ጨርቅ እስከ 23፣ 70 ሴንቲሜትር የሆነው እስከ 33፣ 90 ሴንቲሜትር የሆነው እስከ 42 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለውን ዕቃ ይይዛል። ጠርዙን 1 ሴንቲሜትር ሁለት ጊዜ አጥፋችሁ ስፉ። ሳጥኑን መሃል ላይ፣ ጨርቁን በጥጉ ወደ እናንተ አድርጋችሁ አስቀምጡ። የቅርቡን ጥግ በሳጥኑ ላይ አልብሱ፣ የማዶውን በላዩ ደርቡ፣ የግራና የቀኙን ጥግ ሰብስባችሁ ሁለት ጊዜ ቋጥሩ፤ እንደ ሪባኑ ሁሉ ሁለተኛው ቋጠሮ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሁን። ወፍራም ጨርቅ ቋጠሮው ይገዝፋል፣ የሚያንሸራትት ጨርቅ ይፈታል፤ መካከለኛ ጥጥ ከሁለቱም ይሻላል።

የጠበቀውን ቋጠሮ ለመፍታት ጥፍር አትጠቀሙ። አንዱን ጫፍ ይዛችሁ ከሥሩ ካለው ጨርቅ ጋር ቀጥ እስኪል ወደ ኋላ ሳቡት፤ ሌላኛው ጫፍ ዙሪያውን የተጠመጠመ ብቻ ሆኖ ይቀርና ተንሸራቶ ይወጣል።

የሚዞረው ሳጥን

አንዳንድ ቤተሰብ አንድ ሳጥን አለው፤ በየዓመቱ ከአንዱ ወደ ሌላው በስጦታ ተሞልቶ ይዞራል። ክዳኑና አካሉ ለየብቻ ወረቀት ስለሚለብሱ ሲከፈት ምንም አይቀደድም። እንዲህ ይሠራል።

2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ካርቶን ሳጥን ምረጡ። ወረቀት ከመልበሱ በፊት ክዳኑ በአካሉ ላይ በየጎኑ 1.5 ሚሊሜትር ያህል ሊላላ ይገባል። ይህ ካልተጠበቀ ወረቀቱና ኮላው ክፍተቱን ይሞሉትና ክዳኑ አልገባ ይላል፤ በዚህ ሥራ ላይ የሚደርሰው ትልቁ ኪሳራ ይኸው ነው።

ክዳኑ 26 በ18፣ ቁመቱ 4 ሴንቲሜትር ቢሆን ወረቀቱ በየጎኑ 4 ለቁመት፣ 2 ወደ ውስጥ ለሚታጠፈው ይጨመርለታል፤ 38 በ30 ይሆናል። በወረቀቱ ጀርባ ላይ የክዳኑን ቦታ መሃል ላይ በእርሳስ አስምሩ። ጥጎቹን ስትቆርጡ በሁለቱ ረጃጅም ጎኖች ጫፍ ላይ 1.5 ሴንቲሜትር ጆሮ አስቀሩ፤ ጆሮው ጥጉን ዞሮ ካርቶኑን ይሸፍናል። ወደ ውስጥ በሚታጠፈው 2 ሴንቲሜትር ላይ ግን ጆሮ አይኑር፤ ሰያፍ ቁረጡት፣ አለበለዚያ ጥጉ ውስጥ ይቆለላል።

ሦስት እጅ ነጭ ኮላ በአንድ እጅ ውኃ አቅጥኑ። በብሩሽ ከመሃል ወደ ጠርዝ እየገፋችሁ ወረቀቱን ቀቡና አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ወረቀት እርጥበት ሲያገኝ ይሳባል፤ ሳትጠብቁ ከለጠፋችሁት መሳቡን ካርቶኑ ላይ ይቀጥላል፣ ያኔ አረፋና ሽብሽብ ይወጣል። ክዳኑን በመስመሩ ላይ አሳርፉ፣ አዙሩትና በንጹሕ ጨርቅ ከመሃል ወደ ውጭ አሹት። ረጃጅሞቹን ጎኖች አስቀድሙ፣ ጆሮዎቹን አዙሩ፣ አጫጭሮቹን ደርቡ፣ በመጨረሻ ትርፉን ወደ ውስጥ አስገቡ።

ሲደርቅ ወረቀቱ ይሰበሰብና ካርቶኑን ወደ ራሱ ያጎብጠዋል። መድኃኒቱ በውስጥ በኩልም ተመጣጣኝ ክብደት ያለው ነጭ ወረቀት መለጠፍ ነው፤ ሁለቱ ይሳሳቡና ክዳኑ ቀጥ ይላል። ሌሊቱን በሙሉ ይድረቅ።

ያ ነጭ ወረቀት ሌላም ሥራ አለው። ዓመት፣ ከማን፣ ለማን፣ ውስጡ ምን እንደነበር የሚጻፍባቸው አራት ዓምዶች አስምሩበት። በእርሳስ ወይም በተራ እስክሪብቶ ይጻፍ፤ ፈሳሽ ቀለም ያለው ማርከር ወረቀቱን ሰንጥቆ ያልፋል፣ በጊዜም ይደበዝዛል። ሲሞላ አዲሱን ወረቀት በአንድ ጠርዙ ብቻ ለጥፉት፤ እንደ ገጽ እየተገለጠ የቀድሞው ዝርዝር ይነበባል። የሳጥኑን ሕግ እዚያው ጻፉ። በደንብ የሚሠሩት ሕጎች ሁለት ናቸው፤ ሳጥኑ በቀጥታ ወደ ሰጪው አይመለስም፣ ባዶውንም አይሄድም። ከዚያ በላይ ሕግ ሲበዛ የሚያስታውሰው ሰው ይጠፋል።

የስም ካርድ

8 በ5 ሴንቲሜትር ወፍራም ወረቀት፣ ከላይ በኩል 4 ሚሊሜትር ቀዳዳ፣ 20 ሴንቲሜትር ክር። ካለፈ ዓመት የሰላምታ ካርዶች ቢቆረጥ የበለጠ ያምራል። ስሙን ካርዱ ከመንጠልጠሉ በፊት ጻፉ፤ ስጦታው ላይ ሆኖ ሲጻፍ የብዕሩ ጫና ወረቀቱ ላይ ጠባሳ ይተዋል። ካርዱን በፕላስተር አትለጥፉ፣ ከሪባኑ ጋር እሰሩት። ልጆች ተደብቀው ስም የሚያነቡበት ቤት ከሆነ በስም ፈንታ ቁጥር ይጻፍና ዝርዝሩን አንድ ሰው ይያዝ፤ ዝርዝሩ ሲጠፋ የሚፈጠረውን ግርግር ግን አስቡበትና ሁለት ቅጂ አድርጉ።

አከፋፈትና አቀማመጥ

መጀመሪያ ሪባኑ ይፈታ፣ ቀጥሎ የሁለቱ ጫፎች ፕላስተር፣ በመጨረሻ የጀርባው። በችኮላ ከጀርባው ከተጀመረ ጫፎቹ ላይ ይቀደዳል። ፕላስተሩ ከወረቀቱ ጋር ከተጣበቀ ወደ ላይ አትሳቡት፤ ወደ ራሱ አጥፋችሁ ከወረቀቱ ጋር ትይዩ ሳቡት። እምቢ ካለ የፀጉር ማድረቂያ ለጥቂት ሰከንድ ያሞቁትና ሙጫው ይለሰልሳል። ፕላስተር ተለጥፎበት የተቀመጠ ወረቀት ሙጫው እየቆየ ስለሚበክለው፣ ከማስቀመጣችሁ በፊት ሁሉንም አንሱ።

የተጨማደደውን በካውያ አስተካክሉ፤ ዝቅተኛው ሙቀት፣ ያለ እንፋሎት፣ ከጀርባው በኩል፣ በመሃል ስስ ጨርቅ አድርጋችሁ። ከዚያ የተጎዳውን ጠርዝ በየጎኑ 1.5 ሴንቲሜትር ከርክሙ። 60 በ42 የነበረው 57 በ39 ይሆናል፤ በሚቀጥለው ጊዜ 24 በ19 በ7 የሆነ ሳጥን ይበቃዋል፣ ከዚያ በኋላ መጽሐፍ፣ ከዚያ በኋላ የስም ካርድ ይሆናል። አዲሱን ልክ በጀርባው ጥግ ላይ በእርሳስ ጻፉ።

ወረቀቶቹን በካርቶን ቱቦ ላይ ጠቅልሉ፤ በላስቲክ አትሰሩ፣ ላስቲክ ወረቀቱን ይነክሳል፣ ሲያረጅም ቀልጦ ይጣበቃል። 5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የወረቀት ቀለበት ይያዘው። ከፀሐይና ከእርጥበት አርቁ። ጋዜጣ ከሌላ ወረቀት ወይም ከጨርቅ ጋር አታስቀምጡ፤ ቶሎ ይቢጫል፣ ቢጫውንም ለጎረቤቱ ያስተላልፋል።

ልጆችን ማስገባት

የ4 እና የ5 ዓመት ልጅ ፕላስተር ቆርጦ ያቀብላል፣ ቋጠሮው ላይ ጣቱን ያስቀምጣል። በ7 እና በ8 ዓመቱ በእርሳስ የተሰመረውን ይቆርጣል። በ10 ዓመት አካባቢ መጽሐፍ ለብቻው ይጠቀልላል፤ መጽሐፍ ቁመቱ ትንሽ ስለሆነ ጫፎቹ ሳይታገሉ ይታጠፋሉ፣ ለመጀመሪያ ሥራ ከሳጥን ይሻላል። ግራ እጁን ለሚጠቀም ልጅ የግራ እጅ መቀስ ይኑር፤ በቀኝ እጅ መቀስ የሚቆርጥበት መስመር ከስለቱ ተሰውሮ ስለማይታየው ያጣምማል። ልጁ የጠቀለለውን ከኋላው ሆናችሁ አትድገሙት። ጠማማ ሆኖ ይሰጥ፤ የደገማችሁለት ልጅ በሚቀጥለው ዓመት አይመጣም።

ሁለት ልማድ ሲገናኝ

በጋብቻ የሚመጣው ዘመድ ብዙ ጊዜ የራሱን ልማድ ይዞ ይመጣል። አንዱ ቤት ወረቀቱን አጥፎ ያስቀምጣል፤ ሌላው ቤት ቀድዶ መወርወሩን የበዓሉ ግማሽ ደስታ አድርጎ ይቆጥረዋል። ቀዳጁን በየጊዜው "ቀስ!" ማለት ማንንም አያስደስትም። የሚሠራው ምልክት ማድረግ ነው፤ በሪባን የታሰረ ወይም በጨርቅ የተቋጠረ ይፈታል፣ በተራ ቡናማ ወረቀት በፕላስተር ብቻ የተለጠፈ ይቀደዳል። ለትንንሽ ልጆች የሁለተኛው ዓይነት ይብዛ። ምልክቱ በልክ ካርዱ ላይ ከተጻፈ አዲስ የመጣ ሰውም ሳይነገረው ይገባዋል።

የሚቀደደውን ወረቀት በኋላ ለመለየት በጡጫችሁ ጨምድዱት። እንደተጨመደደ ከቀረ ወረቀት ነው፣ ፕላስተሩና ሪባኑ ከተነሳለት ከሌላ ወረቀት ጋር መልሶ ጥቅም ላይ ሊውል ይችላል። ተመልሶ ከተዘረጋ ፕላስቲክ ወይም ፎይል አለበት፤ ከወረቀት ጋር አይቀላቀልም። ብልጭልጭ ያለበትም ፈተናውን ቢያልፍ እንኳ ለብቻው ይጣል። ባለ ቀለሙን ወረቀት ምድጃ ውስጥ አትጨምሩ፤ በአንዴ ቦግ ብሎ ይነዳል፣ ጭሱም መርዛማ ሊሆን ይችላል።